የሪሞት ጀልባን ሆድ ማዘጋጀትና ውሃ ገፊ ቅብ መቀባት፦ ከእጥበት እስከ ሙከራ

ውሃ ገፊ ስፕሬይ ገዝተው የሪሞት ጀልባቸውን ሆድ የቀቡ ሰዎች ቅሬታ ሁሌም ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ጀልባዋ ግን ያው ናት» ይላል። ሌላው «በሁለተኛው ቀን ተላጠ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ከዚያ ወዲህ ቀለም አልይዝ አለኝ» ብሎ ያማርራል። ሦስቱም ቅቡን አስቀድመው ዝግጅቱን የዘለሉ ናቸው። እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እንሠራለን። ቅቡ የሚመጣው ስድስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ያኔም ቢሆን አብዛኛው የሚቀባው ከሆዷ ውጭ ነው።

## መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ

ጠብታ የሚንከባለለው ውሃ፣ አየርና የጀልባዋ ገጽ ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ጀልባዋ ውሃ ውስጥ ስትሆን ሆዷ ላይ አየርም ጠብታም የለም። ገጹ ለስላሳ ከሆነ፣ ሰም ተቀባም አልተቀባም፣ የነካው ውሃ ተጣብቆ አብሮት ይሄዳል። ሰበቃው የሚፈጠረው ከዚያ ወጣ ብሎ ባለው የውሃ ንብርብር ውስጥ ነው። በ1 ሜትር ጀልባ ላይ ይህ ንብርብር ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይወፍራል። ሰም እዚያ አይደርስም።

ልዩ የሆኑት እጅግ ውሃ ገፊ የሚባሉት ባለ ሁለት ጣሳ ቅቦች ናቸው። ሰም ወይም ቴፍሎን ላይ ያረፈ ጠብታ ከገጹ ጋር 110 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ሲሠራ፣ እነዚህ ላይ ከ150 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ምክንያቱ ገጻቸው በዓይን በማይታይ ደረጃ ሻካራ መሆኑና በሻካራው መካከል አየር መያዙ ነው። አየሩ እስካለ ድረስ በላቦራቶሪ ሰበቃ ሲቀንስ ታይቷል። ኩሬ ላይ ግን ፍጥነቱ፣ ሞገዱና ጊዜው አየሩን ይወስዱታል፤ የሚቀረው ሻካራው ብቻ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ጀልባ አበላሽቼ ነው። ቀብቼ ገንዳ ውስጥ ስነክራት ሆዷ ብር የተለበጠ መሰለ፤ አየሩ ነው እንደ መስታወት የሚያበራው። ደስ ብሎኝ አሥር ደቂቃ አስሮጥኳት። መልሼ ገንዳው ውስጥ ስነክራት ብሩ ከአፍንጫዋ ጀምሮ ጠፍቶ አመድማ እድፍ ቀርቷል። ያበራ የነበረው ፍሰት የማያገኘው የመሪው ሥር ብቻ ነበር። ሰዓት ስይዝላት ሳትቀባ ከነበረችው ዘገምተኛ ሆና አገኘኋት። እናንተም ይህን ፈተና በአምስት ደቂቃ ልትሠሩት ትችላላችሁ፦ ከሩጫ በኋላ ንጹህ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በጎን ተመልከቱ። ብሩ ከሌለ ቅቡ ሥራውን አቁሟል።

## ጀልባችሁ የትኛዋ ናት?

ምን ያህል ማለስለስ እንዳለባችሁ የሚወስነው ፍጥነቷ ነው።

ውሃ እየሰነጠቀች የምትሄድ (የሸራ ጀልባ፣ ጎታች፣ የመርከብ ሞዴል)፦ ጣሪያ ፍጥነቷን የሚወስነው ርዝመቷ ነው። በውሃ መስመር ላይ ያላትን ርዝመት በሜትር ለኩ፣ በ9.81 አባዙ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ ከዚያ በ0.4 አባዙ። ለ60 ሴንቲሜትር 0.97 ሜትር በሰከንድ ገደማ፣ ለ1 ሜትር 1.25 ገደማ ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚይዛት ራሷ የምትፈጥረው ሞገድ ስለሆነ የሆድ ቅብ ምንም አያደርግላትም። ቅልጥፍናዋ የሚለየው ቀስ ስትል፣ በቀላል ንፋስ ጊዜ ነው።

ውሃ ላይ ወጥታ የምትንሸራተት (ፈጣን የኤሌክትሪክ ወይም የነዳጅ ጀልባ)፦ ውሃ የሚነካት የኋላዋ ትንሽ ክፍል ነው። እዚያ ያለው እያንዳንዱ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል።

ለሁለቱም የሚሠራ የእጅ ስሌት አለ። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ላይ 0.1ን በፍጥነታችሁ (ሜትር በሰከንድ) አካፍሉ፤ የሚወጣው ውሃው «የማያየው» የሸካራነት ከፍታ ነው፣ በሚሊሜትር። በ1 ሜትር በሰከንድ 0.1 ሚሊሜትር፣ በ10 ሜትር በሰከንድ 0.01 ሚሊሜትር። የቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ቅንጣት 0.035 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የቁጥር 2000 ደግሞ 0.010 ገደማ። ጭረቱ ከቅንጣቱ ያነሰ ጥልቀት አለው። ስለዚህ የሸራ ጀልባ ይዞ እስከ ቁጥር 3000 ድረስ የሚፈገፍግ ሰው ክንዱን እያደከመ ነው። የተለጠፈ ስቲከር ጠርዝ ግን 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን አፍንጫ አካባቢ፣ ከውሃ መስመር በታች፣ በሸራ ጀልባ ላይም ቢሆን አትለጥፉ።

## የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቁጥር 320፣ 400፣ 600 ብርጭቆ ወረቀት፤ ለፈጣን ጀልባ ደግሞ 800፣ 1200 እና 2000። ሁሉም በውሃ የሚሠራበት ዓይነት ይሁን።
- ጠንካራ መደገፊያ (ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ) እና ለጎባጣው ቦታ ለስላሳ ስፖንጅ።
- ከሆዷ ጠፍጣፋ ክፍል የሚረዝም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ።
- የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ።
- ኢፖክሲ (ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ)፣ የመኪና ስቱኮ፣ ፕራይመር (ከቀለም ሥር የሚነፋ መነሻ ቅብ)፣ ቀለም።
- ጓንት እና ለቀለም ትነት የተሠራ፣ ካርትሪጅ ያለው ማስክ። የአቧራ ማስክ ትነት አያቆምም።

ሲሊኮን ያለበት ማንኛውም ነገር፣ ማለትም የመኪና ዳሽቦርድ ማብሪያ፣ አንዳንድ ፖሊሽና ውሃ ገፊ ስፕሬይ ሁሉ፣ ከሥራ ቦታው ይውጣ። ክፍሉ ውስጥ የተነፋ ሲሊኮን ጨርቁ ላይ አርፎ ከሳምንት በኋላ ቀለማችሁን ያበላሻል።

## ደረጃ 1፦ እጥበትና የውሃ ፈተና

1. ባትሪውን፣ ሪሲቨሩን (የሪሞቱን ምልክት ተቀባይ) እና የሚነቀለውን ሁሉ አውጡ። ክፍት ቦታዎችን በፕላስተር ዝጉ።
2. ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ከዚህ በኋላ ሆዷን በባዶ እጅ አትንኩ።
3. ከቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) በቅርብ የወጣ ፋይበር ግላስ ከሆነ ላዩ ላይ የቅርጽ ማውጫው ሰም አለ። የመኪና ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የቅባት ማስወገጃ በአንድ ጨርቅ አርጥቡ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። አንድ ጨርቅ ብቻ ከተጠቀማችሁ ሰሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እያዛወራችሁ ነው።
4. ሆዷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ንጹህ ውሃ አፍስሱባትና ግማሽ ደቂቃ ተመልከቱ።

አራተኛውን ሰዎች ይዘሉታል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው። ውሃው እንደ አንድ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ከቆየ ንጹህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ሸሽቶ ደረቅ ደሴት ከተወ እዚያ ቅባት አለ። በጣት መሳይ ቅርጽ ከሸሸ፣ በአብዛኛው የያዛችሁበት የራሳችሁ ጣት ነው። ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ። ውሃ ገፊ ቅብ ለመቀባት የምትዘጋጁ ሰዎች እዚህ ላይ ውሃ የሚስብ ገጽ እንደምንፈልግ ልብ በሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰም ሳይወጣ አትፈግፍጉ፤ ጭረቱ ውስጥ ይቀበራል። ሆዷ ኤቢኤስ ፕላስቲክ ወይም ፎም ከሆነ አሴቶንና ቲነር አታስጠጉ፤ ፕላስቲኩን ያሟሟሉ። በሳሙናና በአልኮል ብቻ ሥሩ፤ አልኮሉንም መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ።

## ደረጃ 2፦ ሆዷ ቀጥ ያለ ነው? ጠርዟስ?

ፍጥነት የሚገኘው እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢደመር ይህን ደረጃ አያክልም።

1. ማስመሪያውን ከኋላ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ፊት በርዝመቷ አስቀምጡ። ከማስመሪያው ጀርባ የእጅ ባትሪ አብሩ። ብርሃን በሚያልፍበት ቦታ ክፍተት አለ።
2. ክፍተቱን በወረቀት ለኩ። ተራ የማተሚያ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ስንት ወረቀት ተደራርቦ እንደሚገባ ቁጠሩና ቦታውን በእርሳስ አክብቡ።
3. ይህን በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ድገሙ።

ለፈጣን ጀልባ የኋላዋ ሲሶ ቀጥ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ውሃው ኋላዋን ያነሣና አፍንጫዋን ይጭነዋል፤ በፈጠነች ቁጥር አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይቀበራል፣ ትጎተታለች። ወደ ውጭ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ኋላዋ ወደ ውሃው ይሳባል፤ አፍንጫዋ ከፍ ዝቅ እያለ ጋማ እንደተያዘ ፈረስ ትዘላለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የባትሪውን ቦታ ይቀያይራል። በርግጥ ትንሽ ይረዳል፤ በሽታው ግን ሆዷ ውስጥ ነው። ከሁለት ወረቀት በላይ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ አርሙ።

አሁን ጠርዙን እዩ። የሆዷ የኋላ ጠርዝ፣ ማለትም ሆዷና የኋላ ግድግዳዋ የሚገናኙበት መስመር፣ ስለታም መሆን አለበት። ውሃው እዚያ ጋ ሲደርስ በቀጥታ ተቆርጦ መሄድ ይገባዋል። ጠርዙ ክብ ከሆነ ውሃው ክቡን ተከትሎ ወደ ላይ ይታጠፍና ጀልባዋን ወደ ታች ይጎትታታል። ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ በአግድም ጎትቱ፤ ስስ የጥፍር ፍቅፋቂ ከወጣ ደህና ነው፣ ካንሸራተተ ክብ ነው። ሆድና ጎን የሚገናኙበትን ጠርዝም እንዲሁ ፈትሹ። ከፋብሪካ የሚመጡ ጀልባዎች ላይ ወፍራም ቀለም ጠርዙን አድበልብሎት ማግኘት የተለመደ ነው።

ክብ ጠርዝን ስለታም ማድረግ፦

1. የጠርዙን አካባቢ 1 ሴንቲሜትር ስፋት በቁጥር 320 አሻክሩ።
2. የኋላ ግድግዳው ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ ጫፉ ከሆዱ ደረጃ 1 ሚሊሜትር ያህል ወጣ ይበል። እንደ ትንሽ ግድብ ይሆናል።
3. ጀልባዋን ገልብጣችሁ ግድቡና ክቡ ጠርዝ መካከል ያለውን ጎድጓዳ በኢፖክሲ ድፈኑ።
4. በመመሪያው መሠረት ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ፕላስተሩን አንሡ። የተረፈውን በጠንካራ መደገፊያ ከሆዱ እኩል እስኪሆን ፈግፍጉ።

የሸራ ጀልባ ያላችሁ ይህን ሁሉ መከራ አትፈልጉም። እናንተ የኪሉን (ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደውን ክንፍ) እና የመሪውን የፊት ጠርዝ እዩ፤ ድንጋይ የነካው ጥርስ መሳይ ስብራት ካለ በኢፖክሲ ድፈኑ። ኪሉ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅም ይዘጋ።

## ደረጃ 3፦ መድፈንና መፈግፈግ

1. ያከበባችሁትን ጎድጓዳ በስቱኮ ድፈኑ። ከሚያስፈልገው ትንሽ ብቻ አስበልጡ፤ ተራራ ከሠራችሁ ስታነሡት ዙሪያውን ትቆፍራላችሁ።
2. ሲደርቅ በቁጥር 320 በጠንካራ መደገፊያ አስተካክሉ። በጣት አትፈግፍጉ፤ ጣት ጎድጓዳውን እየተከተለ ይወርዳል።
3. አንድ ቀጭን ፕራይመር ንፉ። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ሌላ መልክ ያለው ቀለም ከሩቅ እንደ ጤዛ ብቻ አርከፍክፉ።
4. በቁጥር 400 በውሃ ፈግፍጉ። ጤዛው የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፤ ቶሎ ጠፍቶ ፕራይመሩ የተላጠበት ቦታ ጉብታ ነው። በዓይን የማይታየውን ይህ ዘዴ ያወጣዋል።
5. ጤዛው በአንድ ጊዜ እኩል እስኪጠፋ ድረስ 3 እና 4ን ድገሙ።

አቅጣጫችሁን በሰያፍ አድርጉ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ምቶች ብቻ በርዝመቷ ይሁኑ። ጠርዞቹ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ በመጨረሻ ፕላስተሩን አንሥታችሁ ሁለት ምት ብቻ ስጧቸው። ጠርዝ ላይ ቀለም ቶሎ ያልቃል፣ ስለቱም ቶሎ ይጠፋል።

ውሃው ውስጥ ሁለት ጠብታ ሳሙና ጨምሩ፤ ወረቀቱ አይደፈንም። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር ውሃውንም ቀይሩ። ከቁጥር 320 የቀረች አንዲት ቅንጣት ቁጥር 1200 ስትፈገፍጉ ረጅም ጭረት ታወጣለች፤ እሷን ለማጥፋት ወደ 600 መመለስ ግድ ነው።

## ደረጃ 4፦ ቀለም

ሦስት ቀጭን ንፊት ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያደርግም። ለፈጣን ጀልባ ሌላም ምክንያት አለው፦ ወፍራም ቀለም ስለት ያደረጋችሁትን ጠርዝ መልሶ ያድበለብለዋል። ክብደትንም አትርሱ። 4 ኪሎ በምትመዝን ጀልባ ላይ 100 ግራም ስቱኮና ቀለም ሲጨመር 2.5 በመቶ ማለት ነው፤ ከቅብ አገኛለሁ ብላችሁ ከምትጠብቁት ሊበልጥ ይችላል። ከሥራው በፊትና በኋላ መዝኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቀለሞች አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አላቸው፤ ሲነፉ ሳንባን ይጎዳሉ፣ አስምም ያስይዛሉ። ቤት ውስጥ አትንፏቸው። ከፈለጋችሁ ሆዷን ፈግፍጋችሁ፣ አየር የሚሰጥ ማስክና የመቀቢያ ክፍል ላለው ቀለም ቀቢ ስጡ።

ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ጠብቁ። ሲነካ መድረቁና መጠንከሩ ለየቅል ናቸው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ረጅሙን ጊዜ ውሰዱ። ጥፍር ሲጫኑበት ምልክት ከተወ ገና ነው።

## ደረጃ 5፦ የሆዷ የመጨረሻ ገጽ

1. የሸራ ጀልባና የመርከብ ሞዴል፦ በቁጥር 600 በውሃ ጨርሱ። ይበቃል።
2. እስከ 5 ሜትር በሰከንድ የምትሄድ፦ እስከ ቁጥር 1200።
3. ከዚያ በላይ፦ እስከ ቁጥር 2000። ማንጸባረቅ ከወደዳችሁ ሲሊኮን በሌለው ፖሊሽ ጨርሱ።

«ደብዛዛ ይሻላል ወይስ የሚያብረቀርቅ?» የሚለው ክርክር አያልቅም። ከላይ ያለውን ስሌት ስትሠሩ ሁለቱም ለውሃው እኩል ለስላሳ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ደብዛዛውን እመርጣለሁ፤ ጭረት ሲመጣ ያንን ቦታ ብቻ ፈግፍጌ አልፋለሁ።

ሰም ወይም የመኪና ሴራሚክ ቅብ ሆዷ ላይ መቀባት ትችላላችሁ። ጥቅሙ የኩሬ አተላና ዘይት በቀላሉ መጠረጉ ነው፤ ንጹህ ሆድ ደግሞ ከቆሸሸ ሆድ ይፈጥናል። ከቀባችሁ እጅግ በስሱ ቀቡ፣ በሁለት ጨርቅ እስኪጠፋ ጥረጉ። እጅግ ውሃ ገፊውን ባለ ሁለት ጣሳ ቅብ ግን ሆዷ ላይ አትንፉ። ሻካራ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይለቃል፣ ከሥሩ ያለውንም ገጽ ለሌላ ቀለም ያበላሻል።

ለውድድር የምትሄዱ ደግሞ ደንቡን አንብቡ። የዓለም የሸራ ጀልባ ስፖርት ማኅበር ዎርልድ ሴይሊንግ የውድድር ደንብ እንደ ፖሊመር ያለ ነገር ወደ ውሃው መልቀቅንም ሆነ በሆድ አጠገብ ያለውን ፍሰት እንዲያሻሽል ታስቦ የተሠራ ሸካራ ገጽን ይከለክላል። ሆድ ላይ ሳሙና ቀብቶ መልቀቅም እዚሁ ውስጥ ይወድቃል፤ ለኩሬው ዓሣም ደግ ነገር አይደለም።

## ደረጃ 6፦ ውሃ ገፊው ቅብ እዚህ ይቀባ

- የጀልባዋ ወለል (ከላይ)። ሞገድ ሲወጣባት ውሃው ሳይቆይ ይወርዳል፤ ክብደት አትሸከምም።
- ሸራ። የረጠበ ሸራ ይከብዳል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ቀጭን ንፊት በቂ ነው። በመጀመሪያ በቁራጭ ሸራ ላይ ሞክሩ።
- የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። እዚህ የሚያስፈልገው ለሰሌዳ የተሠራ መከላከያ ላከር ነው። ከመቀባት በፊት የሽቦ መሰኪያዎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ቅብ የገባበት መሰኪያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

አቀባቡ፦

1. ሆዷን በሙሉ በላስቲክና በፕላስተር ሸፍኑ።
2. የክዳኑን ዙሪያ 2 ሴንቲሜትር ያህል በፕላስተር አጥሩ። ክዳኑን የምትዘጉበት ፕላስተር ውሃ ገፊ ቅብ ላይ አይጣበቅም። ይህን የዘለለ ሰው ጀልባው ኩሬው መሐል ስትሰምጥ ያያል።
3. በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ።
4. ውጭ፣ ንፋስ በሌለበት፣ ማስክ አድርጋችሁ ንፉ። ባለ ሁለት ጣሳ ከሆነ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ጣሳው የሚለውን ጊዜ ጠብቁ። ሁለተኛው ሲደርቅ ነጣ ይላል፤ ጥቁር ወለል ላይ በደንብ ይታያል።

## ደረጃ 7፦ ለኩ፣ አትገምቱ

በዓይን «ፈጠነች» ማለት አይቻልም። የሰበቃ 5 በመቶ ለውጥ ፍጥነትን የሚለውጠው በ2.5 በመቶ ያህል ነው። በ7 ሰከንድ ሩጫ ላይ ይህ ከ0.2 ሰከንድ ያነሰ ነው፤ የእጅ ሰዓት ስህተት ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ በስልክ ቪዲዮ ቅዱና ፍሬሞቹን ቁጠሩ።

ቀስ ለምትሄድ ጀልባ የመጎተቻ ሙከራ፦

1. የብስክሌት የፊት ጎማ ውሰዱ፣ ላስቲኩን አውልቁ፣ ቸርኬው በነጻ እንዲሽከረከር ውሃው ዳር አቁሙት።
2. የጀልባዋን ክር ቸርኬው ላይ እሰሩ፤ ሲዞር ይጠመጥመዋል። የክብደቱን ክር ደግሞ መሐል ላይ ባለው ቀጭን ሲሊንደር ላይ ጠምጥሙ። ቸርኬው 30፣ መሐሉ 1.5 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ካለው፣ 15 ሜትር ስትጎተት ክብደቱ 75 ሴንቲሜትር ብቻ ይወርዳል። ክሩ የማይለጠጥ ይሁን።
3. በ600 ግራም ጀምሩ፤ ጀልባዋ ላይ የሚደርሰው 30 ግራም ያህል ነው። ውሃ የነካት ገጽ 0.2 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ 1 ሜትር ጀልባ በ0.8 ሜትር በሰከንድ ሰበቃዋ 30 ግራም ገደማ ስለሆነ መነሻው ይህ ነው።
4. የመጀመሪያው 10 ሜትር ለመፍጠን ነው። የመጨረሻውን 5 ሜትር ብቻ ለኩ።
5. ሳይቀባ አምስት ጊዜ፣ ሰም ቀብታችሁ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ሰሙን አጥባችሁ እንደገና አምስት ጊዜ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው «ሳይቀባ» ካልተቀራረቡ ቀኑ ተለውጧል፤ ውጤቱን ጣሉት።

የውሃውን ሙቀት ጻፉ። ቀዝቃዛ ውሃ ይወፍራል፤ ከ30 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ሰበቃው በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ጠዋት ሳይቀባ፣ ከሰዓት ተቀብቶ የተለካ «ውጤት» ብዙውን ጊዜ የፀሐይ ሥራ ነው።

ለፈጣን ጀልባ፦ ጂፒኤስ ጫኑ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ፣ ለሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) በሴል 4.2 ቮልት፣ ሁለቱንም አቅጣጫ ሩጡና አማካይ ውሰዱ። ፕሮፔለሩን በሙከራው መካከል አትንኩ።

## ሲበላሽ

ቀለሙ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ሲሊኮን ወይም ሰም አለ። ላዩ ላይ ሌላ ቀለም አትደርቡ። ይድረቅ፣ በቅባት ማስወገጃ በሁለት ጨርቅ ጥረጉ፣ እስከ ጤናማው ንብርብር ፈግፍጉ፣ የውሃ ፈተናውን ድገሙ።

እጅግ ውሃ ገፊ ቅብ ቀድሞ ሆዷ ላይ ተነፍቷል። በደረቅ አትፈግፍጉ፤ የሚነሣው ብናኝ ለመተንፈስ አደገኛ ነው። በሳሙና ውሃ በቁጥር 400 አንሡ፣ ወረቀቱንም ውሃውንም ጣሉ። ውሃው ሳይሰነጠቅ እስኪዘረጋ ድረስ አልወጣም።

ቀለሙ በቅርፊት ይላጣል። ጥፍር ሥር አስገብታችሁ የተላጠውን ጀርባ እዩ። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከሥሩ ያለው ገጽ አልተሻከረም፤ ዱቄት መሳይ ከሆነ አቧራ ላይ ተነፍቷል።

ጠርዙ ላይ ፕራይመሩ ታየ። ያንን ቦታ ብቻ በትንሽ ብሩሽ ንኩት። መላውን አትንፉ።

ሁሉንም ሠርታችሁ አልፈጠነችም። ወደ ማስመሪያው ተመለሱ። ከዚያ የፕሮፔለሩን ጥርሶች፣ የመሪውን ቀጥ ማለትና ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያገናኘውን ዘንግ ፈትሹ፤ በጣት ሲዞር የሚይዝበት ቦታ ካለ ሆዷን ለቀቅ አድርጓት።

## ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ

በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ ሳይደርቅ ጥረጉ። የደረቀ አተላ በጥፍር የማይነሣ ሻካራ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከቁጥር 600 ጭረት ይበልጣል። በሆዷ አሸዋ ላይ አታስቀምጧት፤ ከኩሬው ስትወጣ የሚቀበላት ፎጣ አስቀድማችሁ መሬቱ ላይ አንጥፉ።